ልጆች ይዞ ድንኳን ውስጥ ማደር፣ ከአዲስ አበባ ሳይርቁ

እኛ አገር ድንኳን ሲባል መጀመሪያ የሚታወሰው ሰርግ ወይም ለቅሶ ነው። እናቴ ደውላ «ምን እያደረጋችሁ ነው?» ስትለኝ «ግቢ ውስጥ ድንኳን እየተከልን» አልኳት። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ቀስ ብላ «ማን ነው?» አለችኝ። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይሄ ነው። ለወላጆቻችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ።

ውጭ አገር ብዙ ቤተሰብ ከመኪናው ኋላ ተጎታች ይዞ ይወጣል። ጣሪያው ወደ ላይ ይነሳል፣ አልጋው በግራና በቀኝ ይዘረጋል፣ ግድግዳው ሸራ ነው። የአብዛኞቻችን አቅም ግን አንድ ድንኳንና ያለችው መኪና ናት። በእሷም ደህና ይታደራል። ከዚህ በታች የጻፍኩት ለሁለት ትልልቅ ሰዎችና ለሁለት ልጆች፣ ለአንድ ሌሊት፣ ቅዳሜ ወጥቶ እሁድ ለመመለስ ነው። ከራሴ ስህተት የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ ሌሊቱ ጥሩ የሚሆነው ወይም የሚበላሸው ጫካው ውስጥ ሳይሆን ከመውጣታችሁ በፊት ቤት ውስጥ ነው።

ወር ምረጡ

ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ እርሱት። አደይ ሲፈነዳ ልብ ያምራል፣ መሬቱ ግን ገና ጭቃ ነው። ጥቅምትና ኅዳር ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ሌሊቱ ግን ይቆርጣል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው በከንቱ አይደለም። ደመና ሳይኖር መሬት ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊት የሚይዝላት የለም። ታኅሣሥም ከዚያ አይሻልም፤ ደጋው ላይ ጠዋት ሣሩ አመዳይ ለብሶ ታገኙታላችሁ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወጡ ከሆነ እኔ ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት አጋማሽ ያለውን እመርጣለሁ። ብርዱ ረገብ ይላል፤ የበልጉ ዝናብም ገና አልጠነከረም። በዚህ ወቅት ሣሩም ቅጠሉም ክው ብሎ የደረቀ ስለሆነ እሳት ላይ በጣም ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል።

ቦታ ምረጡ

ካርታ ስታዩ ከርቀቱ በፊት ከፍታውን ተመልከቱ። 1,000 ሜትር ሽቅብ በወጣችሁ ቁጥር አየሩ 6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። እንጦጦ አናቱ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ነፋሱም አለ። ወንጪ ውበቱ ሌላ ነው፤ የገደሉ ጠርዝ ግን ከእንጦጦም ይበልጣል። ልጅ ይዞ ለመጀመሪያ ሌሊት እዚያ አልሄድም። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ሌሊቱ ይለዝባል። ሐይቅ ዳር ካሉት ማረፊያዎች ግቢያቸው ውስጥ ድንኳን የሚያስተክሉ አሉና ደውላችሁ ጠይቁ። ከ2,000 ሜትር በታች ከወረዳችሁ አጎበር አትርሱ።

እኛ የምንሄደው መናገሻ ሱባ ነው። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲሆን፣ በሰበታ በኩል ገብተን የመጨረሻውን ክፍል በጥርጊያ መንገድ እንሄዳለን። ደኑ ከ2,200 ሜትር ገደማ ተነስቶ እስከ ወጨጫ ተራራ ጫፍ፣ እስከ 3,385 ሜትር ይደርሳል። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰሜን ሸዋ ካለው የወፍ ዋሻ ደን ዘር አስመጥተው ያስተከሉት ነው ይባላል። ልጆቹ ይህን ከሰሙ በኋላ አንዱን ግዙፍ ጽድ ለማቀፍ ሲሞክሩ አራታችን እጅ ለእጅ ብንያያዝም አልደረስንም። ዝግባው፣ ወይራው፣ ኮሶው አለ። ጉሬዛ አለ። ዕድል ከቀናችሁ የምኒልክ ድኩላ ታያላችሁ።

ከመሄዳችሁ በፊት ሦስት ነገር በስልክ አጣሩ። ማደር መፈቀዱንና ክፍያውን፣ የመንገዱን ደህንነት፣ የጥርጊያውን ሁኔታ። ሁለተኛውን በተለይ በዚያው ሳምንት፣ በዚያው አካባቢ ከሚኖር ሰው ጠይቁ። «ባለፈው ወር ሄደን ነበር፣ ሰላም ነው» የሚል ወሬ አይበቃም። መንገዱ ደረቅ ከሆነ ቪትዝም ቀስ እያለች ትሄዳለች፤ ዝናብ ከጣለበት ግን ከፍ ያለ መኪና ይፈልጋል። ትርፍ ጎማችሁ ንፋስ እንዳለውና ክሪኩ ቦታው ላይ መሆኑን እዩ። ኔትወርክ ሊጠፋ ስለሚችል ቴሌብር ላይ ብቻ አትተማመኑ፤ ጥሬ ገንዘብ ያዙ። ስትከፍሉ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ለሌሊቱም ጥበቃ እንዲመደብላችሁ ጠይቁ። ከወጪዎቹ ሁሉ የማያስቆጨው ለጥበቃ የምትከፍሉት ነው።

ድንኳኑና የግቢው ልምምድ

ድንኳን ላይ «የ4 ሰው» ተብሎ ሲጻፍ አራት ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ይተኛል ማለት ነው። ሻንጣ የለም፣ ጫማ የለም፣ የሚገላበጥ ልጅም የለም። ለአራት ሰው የ6 ሰው ግዙ።

ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ዘንጎቹ በየእጥፋቱ ገብተው የሚተከል ነው፤ ዝናብ የሚከላከል ሁለተኛ ልብስ ከላይ ይደረብለታል። ሌላው ከከረጢቱ ወጥቶ ወርወር ሲደረግ ራሱ ብድግ ብሎ የሚቆም ነው። ልጆች ይሄኛውን ይወዱታል፤ በ10 ሴኮንድ ቤት ይሆናል። ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ልብስ ብቻ ስለሆነ ከባድ ዝናብ አይችልም፣ መልሶ ማጠፉም ፈተና ነው። እኛ ያለን እሱ ነው። በላዩ ላይ በዛፍና በመኪናው መካከል የሚወጠር 4 በ4 ሜትር የሆነ ሸራ ጨምረንበት ተስማምቶናል።

የትኛውንም ግዙ፣ አንድ ሌሊት ግቢያችሁ ውስጥ እደሩበት። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ዘመድ ቤት ሂዱ። ዝም ብሎ መትከልና መንቀል ብቻ አይደለም፤ ማደር ነው። የጎደለው ነገር ሁሉ ያን ሌሊት ይታወቃል። ካስማው ስንት እንደሆነ ትቆጥራላችሁ። ዚፑ የት ላይ እንደሚይዝ ታያላችሁ። ትንሹ ልጅ ሌሊት በጨርቅ ግድግዳ ውስጥ ሲነቃ ምን እንደሚል ትሰማላችሁ። ቢያለቅስ በሩ አሥር እርምጃ ላይ ነው።

ብርዱ የሚመጣው ከታች ነው

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው ሌሊታችን የተበላሸው በዚህ ነው።

ብርድ ልብስ ሞልተን ሄድን። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ብርድ ልብስ፣ ከላዩ ጋቢ። ከታች ያነጠፍነው ግን ቀጭን ላስቲክና አንድ ምንጣፍ ብቻ ነበር። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ልጄ ነቅታ «ጀርባዬን ውሃ ነካኝ» አለችኝ። ዳሰስኩት፣ ደረቅ ነው። ውሃ የመሰላት ብርዱ ነበር። ከላይ ሌላ ጋቢ ደረብኩላት፣ ምንም አልረዳትም። በመጨረሻ ሁላችንም መኪና ውስጥ ገብተን፣ እግራችንን አጣጥፈን ነጋልን። ስትንቀጠቀጥ የያዝኳት ጊዜ እስካሁን ከልቤ አልወጣም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብርድ ልብስ የሚያሞቀው በውስጡ በያዘው አየር ነው። የተኛችሁበት በኩል ያለው በክብደታችሁ ይጨፈለቃል፣ አየሩ ይወጣል፣ መሬቱ ደግሞ ሙቀታችሁን ሌሊቱን ሙሉ ይመጠምጠዋል። ስለዚህ ከላይ ከምትደርቡት ይልቅ ከታች የምታነጥፉት ይበልጣል። አነጣጠፉ እንዲህ ይሁን፦

1. ከድንኳኑ ስር ወፍራም ላስቲክ ወይም ሸራ። ጠርዙ ከድንኳኑ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ወደ ውስጥ እጠፉት፤ ከወጣ ዝናብና ጤዛ ሰብስቦ ከስራችሁ ያስገባዋል።

2. ድንኳኑ ውስጥ ካርቶን። የፍሪጅ ወይም የቴሌቪዥን ካርቶን ከሰፈር ሱቅ ለምኑ። በከንቱ የሚጣል ነገር ነው፣ ግን በውስጡ ያለው ሞገድ አየር ይይዛል። ሁለት ድርብ ካደረጋችሁት ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃችኋል።

3. ስፖንጅ ፍራሽ፣ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው። ቤት ያለውን አሮጌ ስፖንጅ በድንኳኑ ልክ አስቆርጡ። በአየር የሚነፋው ፍራሽ ይመቻል፤ ብቻውን ግን አይሞቅም፣ ውስጡ ያለው አየር እየተንቀሳቀሰ ይቀዘቅዛል። እሱን ከተጠቀማችሁ ከላዩ ብርድ ልብስ አንጥፉበት።

4. ከላይ የእንቅልፍ ከረጢት ካላችሁ ጥሩ፤ ከሌላችሁ ብርድ ልብስና ጋቢ። ጋቢውን ከሰውነት ጋር፣ ብርድ ልብሱን ከላይ።

ልጆች ሲተኙ ቀን የለበሱትን ሁሉ አውልቀው ደረቅ ልብስ ይልበሱ። ቀን ሲሯሯጡ ያላባቸው ካልሲ ሌሊት በረዶ ይሆናል። የሱፍ ኮፍያ ያስፈልጋል፣ ለትልልቆቹም። አንዲት ብልሃት ልጨምር። የብረት ኮዳ ውስጥ ትኩስ ውሃ ሞልታችሁ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ ካልሲ አልብሳችሁ እግራቸው ስር አድርጉ። ሃይላንድ አይሆንም፣ ፕላስቲኩ ይጨማደዳል።

አሁን ብዙ ሰው የማይቀበለኝን ልናገር። የድንኳኑን መተንፈሻ መስኮት ክፍት ተዉት። አውቃለሁ፣ «ንፋስ ይመታናል» ትላላችሁ። አራት ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፍስ ግን እንፋሎቱ ቀዝቃዛው ጨርቅ ላይ ውሃ ይሆናል። ጠዋት ግድግዳው ይንጠባጠባል፣ ብርድ ልብሱ ይርሳል፣ የረጠበ ብርድ ልብስ ደግሞ አያሞቅም። ከላይ በኩል አንድ ስንዝር ይከፈት፤ ሰው ላይ በቀጥታ በማይነፍስበት ወገን።

ከሰል ድንኳን ውስጥ አይገባም

ብርዱ ሲያይል «ምድጃዋን ትንሽ እናስገባት፣ ጭሱ እኮ ወጥቶለታል» የሚል ሰው አይጠፋም። እባካችሁ አታስገቡ። ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ሲጠፋ የሚገድለው ጋዝ አልጠፋም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ አያስልም። በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ራስ ምታትና ድካም ይጀምራል፣ ሰውዬው እንቅልፍ የመጣበት ይመስለዋል፣ ይተኛል፣ በዚያው ይቀራል። ቤት ውስጥ ስንት ቤተሰብ በዚህ እንዳለቀ ሁላችንም ሰምተናል። ድንኳን ደግሞ ከአንድ ክፍል ቤት እጅግ ያነሰ ነው። ቡታጋዝም ያው ነው፤ ምግብ የሚበስለው ውጭ ነው። መኪና ውስጥ ከተኛችሁም ሞተር አስነስታችሁ አትተኙ።

ውሃና ምግብ

በአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር አስቡ፣ ለመጠጥም ለማብሰልም ለመታጠብም። ለአራት ሰው አንድ ሙሉ ባለ 20 ሊትር ጀሪካንና ለመመለሻ ትርፍ። ከምንጭ የቀዳችሁትን ውሃ አፍሉት። ደጋ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም፤ በ2,400 ሜትር በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ቆዩበት። በዚሁ ምክንያት ጥራጥሬ እዚያ አብስላለሁ ብላችሁ አትነሱ፣ ጋዛችሁ ያልቃል።

ምግቡን ቤት ጨርሱት። ቁሌቱን ቤት አብስላችሁ በዕቃ ያዙ፤ እዚያ ሽሮውን ብቻ ጣል አድርጉበት። ቋንጣና ድርቆሽ ካለ ለእራት ፍርፍር ይሆናል። ድፎ ዳቦ አይበላሽም፣ ሲቀዘቅዝም ይጣፍጣል። በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ለመንገድ። ቡናው ቤት ተቆልቶ፣ ተወቅጦ ይምጣ። ጀበናዋን ግን አትተዉ። ጠዋት፣ ጉም ዛፉ መሃል ሲንሳፈፍ፣ ቡታጋዙ ላይ ቡና ሲገነፍል የሚሸተውን ሽታ ለማንም በቃል መንገር አልችልም።

እሳት ማንደድ ከተፈቀደና ቦታ ከተዘጋጀ ብቻ አንድዱ። ከመተኛታችሁ በፊት ውሃ አፍሱበት፣ አመዱን ቆስቁሱት፣ እንደገና አፍሱበት። እጃችሁን አመዱ ላይ ስታደርጉ ምንም ሙቀት ካልተሰማችሁ ጠፍቷል ማለት ነው።

ስትደርሱ

ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ድረሱ። ፀሐይ በ12 ሰዓት ገደማ ስትጠልቅ ጨለማው ወዲያው ነው፤ በጨለማ ድንኳን መትከል ትዳር ይፈትናል።

መኪናውን ከማራገፋችሁ በፊት መሬቱን ዙሩት። ትንሽ ከፍ ያለ፣ ሜዳ፣ ውሃ የማይተኛበት። ቀና ብላችሁ ዛፉን እዩ፣ ከላይ የደረቀ ቅርንጫፍ ካለ ከስሩ አትትከሉ። ዝቅ ብላችሁ ደግሞ ገብረ ጉንዳን የሚሄድበት መስመር እንዳለ ፈልጉ። አንዴ ሳናይ ቀርተን ልጆቹን ከወገብ በታች አውልቀን ነው የለቀምነው። ሳማ ካለ ለልጆቹ ቅጠሉን አሳዩዋቸው፣ ፀጉራሙን ጠርዙን፣ በእጃቸው ሳይነኩ። የድንኳኑ በር ነፋስ ከሚመጣበት ተቃራኒ ይሁን። በራሱ የሚቆም ድንኳን ቢሆንም ካስማ ምቱለት፤ ባዶ ድንኳን ነፋስ ሲያነሳው እንደ ፌስታል ይሄዳል። ካስማው ወደ ድንኳኑ ሳይሆን ወደ ውጭ ጋደል ብሎ ይመታ፣ ገመዱ እንዳያመልጠው።

ከዚያ ጎረቤት ሰላም በሉ። ከብት የሚጠብቁ ልጆች፣ እንጨት የተሸከሙ እናቶች ያልፋሉ። ልጆቻችሁን «አካም ጅርቱ» እና «ገለቶማ» አስተምሯቸው። በልጅ አፍ የወጣ አንድ ሰላምታ ብዙ ይከፍታል። እኛ በዚህ ሰበብ ከአንዲት እናት ትኩስ ወተት ገዝተን አድረናል።

ሌሊቱ

እራት ከተበላ በኋላ ፍርፋሪ እንዳይቀር። አጥንት፣ የቅባት ዕቃ፣ ቆሻሻ፣ የልጅ ብስኩት ሳይቀር መኪና ውስጥ ይቆለፍ። ድንኳን ውስጥ ምግብ አያድርም። ጅብ ይጮሃል፣ ሩቅም ሆኖ ቅርብ ይመስላል። ለልጆች ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ «ይጮሃል፣ ከጓደኞቹ ጋር ይጠራራል፣ እኛ ጋ የሚበላ ነገር የለም» በሏቸው። ሳይነገረው የሰማ ልጅና ተነግሮት የጠበቀ ልጅ አንድ አይደሉም። ቀን ቀን የሚያስቸግረው ጦጣ ነው፣ ዳቦ ከእጅ ላይ ይነጥቃል።

ለልጆች ፖፖ ያዙ። በዚያ ብርድ ተነስቶ፣ ጫማ ፈልጎ፣ ጨለማ ውስጥ መውጣት ለአምስት ዓመት ልጅ ከባድ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ ባትሪ ይኑረው፣ ትራሱ ስር። ባትሪውን የያዘ ልጅ ጨለማውን ያዘዋል። ጫማዎች ድንኳኑ ውስጥ በላስቲክ ይደሩ፤ ለማንኛውም ጠዋት ከማድረጋችሁ በፊት አራግፏቸው።

ሊነጋጋ ሲል ጫካው ውስጥ እንደ ሞተር የሚያጓራ ድምፅ ትሰማላችሁ። እንዳትደነግጡ፣ ጉሬዛ ነው። አንዱ ይጀምራል፣ ከማዶ ሌላው ይመልስለታል። ልጆቹን ቀስቅሱ። ለዚህ መቀስቀስ አያስቆጭም።

መንቀልና ማጠፍ

አትቸኩሉ፣ ፀሐይ ጤዛውን ታድርቀው። በራሱ የሚቆመውን ድንኳን ማጠፍ እንዲህ ነው፦

1. ካስማውን ሁሉ ንቀሉ፣ ቆጥራችሁ ከረጢቱ ውስጥ ክተቱ። ውስጡን ጥረጉ። አየሩ እንዲወጣ በሩን ገርበብ አድርጉት።

2. ድንኳኑን በጎኑ አቁማችሁ ሁለቱን ወገን እንደ መጽሐፍ ዝጉት። ቀለበት ሽቦዎቹ ሁሉ አንድ ላይ ተደራርበው በአንድ እጅ የሚያዙ መሆን አለባቸው። አንዱ ካመለጠ ቀጣዩ አይሳካምና እንደገና ጀምሩ።

3. ሞላላ ሆኖ ቆሟል። የታችኛውን ጫፍ በእግር ያዙ። የላይኛውን ጫፍ ወደ ፊት፣ ወደ መሬት ጎንበስ አድርጉት። ሽቦው ወደ ጎን መዞር ሲፈልግ ይታወቃችኋል፤ አትታገሉት፣ ተከተሉት። እዚህ ላይ ነው ሰው በጉልበት የሚሰብረው።

4. ራሱ ተጠማዝዞ ሁለት ወይም ሦስት ክብ ይሆናል፣ እያንዳንዱ ሰፌድ የሚያህል። አንዱን ክብ በሌላው ላይ አንሸራትቱ፣ ልጅ ከላይ በጉልበቱ ይያዘው፣ ማሰሪያውን ሳትለቁ አስገቡ።

ግቢ ውስጥ አምስት ጊዜ ተለማመዱት። ስድስተኛው ላይ እጅ ራሱ ያውቀዋል።

ቤት ስትደርሱ

ደረቅ ቢመስልም ድንኳኑን በዚያው ቀን ግቢ ወይም በረንዳ ላይ እንደገና ዘርጉት። ስፌቱና የታችኛው ገጽ እርጥበት ይይዛል፤ እንደታሰረ ከከረመ ይሻግታል፣ ሽታውም አይለቅም። ስፖንጁንና ብርድ ልብሱን ፀሐይ ላይ አስጡ። እኛ የጉዞውን ዕቃ ሁሉ፣ ባትሪውን፣ ኮዳውን፣ ጨውን፣ ፕላስተሩን፣ ገመዱን በሁለት ሳጥን አድርገን አንነካውም። ያለቀ ክብሪትና የደከመ የባትሪ ድንጋይ ካለ ግን ሳጥኑ ከመዘጋቱ በፊት፣ በዚያው ማታ ይተካል።